ለትርንጎ እግር የሚሆን ብስክሌት

እኛ ጎልማሶች በነበርንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ በዚህ በዳባትና በደባርቅ አገር ብስክሌት የሚባል ነገር ከታየ ወይ አስተማሪ ነው ወይ ጤና ረዳት ነው የሚነዳው፣ ሴት ልጅማ በቅሎ ላይ ካልሆነ በምን ላይ ትታያለች? እኔ ራሴ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጭነት መኪና ላይ ነው፣ ታውቁ የለም? ከጎንደር ተነሥቼ፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፌ፣ ይችን ዳባትን አልፌ፣ ደባርቅ ላይ ቁርሴን በልቼ፣ ከዚያማ ሊማሊሞ ነው እንግዲህ፣ ሊማሊሞ! አንደኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ስመ ሥላሴን እየጠራህ፣ ደመናውን ከእግርህ በታች እያየህ ትወርዳለህ። ታዲያ ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ፣ "ወንድምአገኝ፣ ያንተ ልጅ ይህን መንገድ በብስክሌት ትወጣዋለች" ቢለኝ፣ "ይህን ሰውዬ ጠበል ውሰዱት" እል ነበር። እውነቴን ነው።

ትርንጎን ታውቋታላችሁ፣ አይደል? የመጨረሻ ልጄን፣ አስተማሪዋን። አንተ ባለ ደብተሩ ግን ጎንደር ስለምትኖር አታውቃት ይሆናል፤ እንግዲህ ስማ። ወገቧ የእናቷ ነው፣ አጭር። እጇም የእናቷ ነው። እግሯን ግን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ፤ በእኔም ዘር በሚስቴ በአስናቀችም ዘር እንዲህ ያለ እግር የለም። ትምህርት ቤት ሳለች ልጆቹ "ሽመላ! ሽመላ!" ይሏት ነበር፣ ያችን በረግረግ ዳር የምትቆመዋን ወፍ ማለታቸው ነው፣ እና እያለቀሰች ትመጣለች። አስናቀች ታዲያ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "ሽመላ እኮ ልጄ አገር ላገር የምትዞር ናት፣ ዶሮ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር?" ትላታለች።

ልጅቱ አደገች፣ ተማረች፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ካለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ተመደበች። እና ለመመላለሻ የቻይና ብስክሌት ገዛች፣ ያንን ከባዱን። ጠዋት ጠዋት እኔ ደጃፌ ቆሜ አያታለሁ፣ ጉሙ ገና ከእርሻው ሳይነሣ። መጀመሪያ ጎማው ይጠፋል፣ ቀጥሎ እግሯ ይጠፋል፣ ከዚያ ነጠላዋ ብቻ በጉሙ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ብስክሌት የለ፣ መንገድ የለ፣ ነጠላ ብቻ። ስንት ጊዜ እንዲህ ቆሜ ቀርቻለሁ መሰላችሁ! አስናቀች "ምን ትሠራለህ ብርድ ላይ?" ስትለኝ ነው የምነቃው።

አንድ ቀን ታዲያ ከጎንደር የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ለልምምድ መጡ፤ እነዚያ ጎማቸው ቀጭን፣ መሪያቸው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። አሠልጣኛቸው በመኪና ይከተላቸዋል። ትርንጎ የተማሪዎቿን ደብተር ከኋላ አስራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ገጠመቻቸው፣ እና ዳገቱ ላይ ደረሰችባቸው፣ ከዚያ አለፈቻቸው! በዚያ በከባዱ ብስክሌት፣ ደብተር ጭና! ሰውየው መኪናውን ገትሮ ወረደ።

"አንቺ፣ ቁሚ እስቲ! ማን ነው ያሠለጠነሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ የት እየሄድሽ ነው እንዲህ የምትበሪው?"

"ቤቴ። ርቦኝ ነው" አለችው። እስካሁን ይስቅበታል።

እና ሰውየው እዚህ ድረስ መጣ፣ እዚችው መደብ ላይ ተቀመጠ። "አባቴ" አለኝ፣ "ይህች ልጅ ሳንባዋ የሁለት ሰው ነው። ከፋሲካ በኋላ ጎንደር ላይ የሴቶች ውድድር አለ። እዚያ ካየናት ቡድናችን ውስጥ እናስገባታለን። ዕድሜዋ ስለገፋ ግን ሁለተኛ ዕድል የላትም፤ ይህ ውድድር ካለፈ አለፈ።" አስናቀች ከጓዳ ሆና፣ "ባል የሚያገባት አጣን ስንል የሚያሯሩጣት መጣ?" አለች፣ እሱም ሰማ፣ እኔም አፈርኩ። ትርንጎ ግን ፊቷ... ምን ልበላችሁ፣ መብራት የገባለት ቤት መሰለ።

የቡድኑን ብስክሌት ሰጧት። ታዲያ አነሳት። ኮርቻውን ከፍ አደረጉላት፣ ደግሞ ከፍ አደረጉላት፣ ከዚያ በላይ ቢሉት ሊነቀል ሆነ፣ አሁንም አነሳት። ስትነዳ ጉልበቷ ደረቷን ሊመታ፣ ልክ እንደ ፌንጣ። ብዙ ሳይቆይ ጉልበቷ አበጠ። አስናቀች በሞቀ የጨው ውሃ ስታሽላት እሷ ጥርሷን ትነክሳለች። "ያምሻል?" ስላት "አያመኝም" ትለኛለች፣ ደረጃ ስትወርድ ግን ግድግዳ ትይዛለች። አሠልጣኙን ጠየቅኩት። "ችግሩ ፍሬሙ ነው" አለኝ። ፍሬም የሚሉት ያንን ኮርቻውንም መሪውንም ጎማውንም የሚሸከመውን ብረት ነው፣ እናንተ አጥንቱ በሉት። "ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ ፍሬም ግን አይዘረጋም። ረጅም ፈልጉላት፣ እኛ ዘንድ የለም።"

ረጅም ፈለግን፣ አገኘንም! ጎንደር ላይ አንድ ባሕር ዛፍ የሚያህል ሰውዬ ነበረው፣ አዋሰን። ደስ አለን። እግሯ ልክ ሆነ፣ እሰይ አልን። ለካ እግሯ ሲደርስ እጇ አይደርስም! ብረቱ ወደ ላይ ብቻ አይደለም የረዘመው፣ ወደ ፊትም ረዝሟል፣ እሷ ደግሞ ወገቧ አጭር ነው አላልኳችሁም? መሪውን ለመያዝ ተዘርግታ፣ አንገቷ ደንዝዞ፣ ጣቷ ደንዝዞ ትመጣለች። አንድ የገበያ ቀን አምባ ጊዮርጊስ ላይ አህያ ገባባት። ፍሬኑን ልትይዝ እጇን ብትሰድ አልደረሰም። አህያይቱን ለማዳን መሪውን ጠምዝዛ የገብስ ጆንያ ክምር ውስጥ ገባች። ጆንያው ባይኖር እግዜር ይወቀው። ባለ ገብሱ "ልጄ ተረፍሽ?" ሲላት "ገብስዎ ተበተነ፣ ይቅርታ" ትለዋለች፣ ከክንዷ ደም እየወረደ።

እና ያን ዕለት ሁለቱንም ብስክሌት መለሰች። የቻይናውን እንኳ አልነካችውም፣ ጓሮ አስደግፋ ተወችው። እኔ አጠገቧ ሄጄ ብቀመጥ፣ "አባባ፣ ለረጅም ወንድ የተሠራ አለ፣ ለአጭር ሴት የተሠራ አለ። ለእኔ የተሠራ የለም። በቃኝ" አለችኝ። ቁጣ የለው፣ ለቅሶ የለው፣ እንዲሁ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት በእግሯ መሄድ ጀመረች፤ ተወዳዳሪዎቹ ሲያልፉ ድምፃቸውን ስትሰማ ፊቷን ወደ እርሻው አዙራ ትቆማለች፣ የሰው ማሳ የምታደንቅ መስላ። እኔ አባቷ ይህን እያየሁ እንዴት እተኛለሁ?

ታዲያ መናኸሪያ ወጣሁ። እኔ ሾፌር ነኝ፣ የማውቀው ሾፌር ነው፤ ወደ ጎንደር የሚሄደውን፣ ወደ ሽሬ የሚሄደውን፣ ሁሉንም አቁሜ፣ "ረጅም የብስክሌት ፍሬም፣ ግን ወደ ፊት ያልረዘመ፣ ያየህ እንደሆነ ንገረኝ" እላለሁ። ይስቁብኛል! አንዱ የሕፃን ብስክሌት አመጣልኝ። አንዱ ደግሞ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የአልጋ ብረት! "ጋሼ፣ ረጅም ብረት አላሉም እንዴ?" ይለኛል።

ሰይድ ብቻ ነበር ያልሳቀው። ሰይድን ታውቁታላችሁ፣ ባለ አይሱዙውን፣ የዳባት ነጋዴ የሆነውን። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሄደ፤ እና ከሰነበተ በኋላ መኪናውን እዚህ ደጄ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ጮኸ።

"ወንድምአገኝ! ዛሪማ ጨው ሳራግፍ አንዲት አሮጊት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት! ቁመቱ ረጅም፣ ወደ ፊት አጭር። ወላሂ ቁርጥ ትርንጎን ነው የሚመስለው!"

ትርንጎ "አልሄድም" አለች። "ስንቴ ነው ልቤ የሚሰቀለው?" አለች። ታዲያ ማን ተነሣ? አስናቀች። ያች ባል ባል ስትል የከረመችው! ነጠላዋን እያጣፋች ወጣችና፣ "ሂጂ እንጂ! አንቺ እንዲህ ሆነሽ ከተቀመጥሽ ወዲህ ቤቱ ጠቦኛል። ሂጂና ሞክሪው፣ ካልሆነ ያኔ አብረን እናለቅሳለን" አለቻት። እና ሄድን። የቡድኑን ትንሹን ብስክሌት መልሰን ተውሰን፣ ጎማና ዕቃው ከፈለግን ብለን ከኋላ ጭነን፣ ሰይድ እየነዳ ሊማሊሞን ወረድን።

ዛሪማ ሙቀት ነው። ከላይ ጋቢ ለብሰህ ትነሣለህ፣ እታች ስትደርስ ሸሚዝህ ይከብድሃል። አሮጊቷ አደይ ለተብርሃን ይባላሉ፣ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ደጃቸው ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገዋል። እኛን ሲያዩ እንኳ ዓይናቸው ከዚያ ተራራ ለመነቀል ጊዜ ወሰደበት።

"እንደምን ዋሉ እናቴ" አልኩ። "ግድግዳ ላይ ያለውን ብስክሌት ፈልገን ነው የመጣን።"

"አይሸጥም።"

"የባለቤትዎ መታሰቢያ ነው?"

ሳቁ። "የባሌ? ባሌ በአህያ እንኳ መቀመጥ የሚፈራ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።" እና ከበርጩማዋ ተነሡ። ምን ልበላችሁ! ሲነሡ፣ ሲነሡ፣ ሲነሡ አላልቅ አሉብኝ! እኔ ቀና፣ ደግሞ ቀና። ሲቀመጡ ትንሽ ሴት ነበሩ፣ ሲቆሙ ከእኔ በላይ ሆኑ። ሁሉም እግር ነው! ሰይድ "አላሁ አክበር" አለ ቀስ ብሎ።

ትርንጎ ከኋላዬ ነበረች። አሮጊቷ እኔን ትተው እሷን አዩ፣ ከጫማዋ ጀመሩና ቀስ እያሉ ወደ ላይ። ትርንጎም እሳቸውን አየች። ሁለት ሽመላ በአንድ ወንዝ ዳር የተገናኙ ይመስላሉ።

"ጓለይ" አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ሱሪ ሲገዙልሽ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይቀራል?"

"አዎ።"

"ትምህርት ቤት ምን ይሉሽ ነበር?"

"ሽመላ።"

"እኔን መሰላል ይሉኝ ነበር" አሉ፣ እና እጇን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት። ሁለቱም በሩ ላይ እኩል ጎንበስ አሉ።

ለካ እሳቸው ልጅ ሆነው አስመራ ነው ያደጉት። ሴቱም ወንዱም ብስክሌት የሚነዳበት ከተማ ነው፣ እና ለእሳቸው እግር የሚሆን ጠፋ። አባታቸው ብረት በያጅ ነበሩ። "አባቴ ብረት ቆረጠ፣ በየደ፣ ላዩ ላይ አስቀመጠኝ፣ አልሆነም። ደግሞ ቆረጠ፣ አልሆነም። እናቴ ድስት የሚበየድላቸው ሰዎች ደጅ ቆመዋል እያለች ትጮሃለች፣ እሱ የእኔን እግር በገመድ ይለካል" አሉን። በመጨረሻ ሆነላቸው። ከዚያ ነዱ፣ ከወንዶች ጋር ተሽቀዳደሙ፣ ከዚያ ለዛሪማ ነጋዴ ተዳሩ። ያን ጊዜ እዚህ አገር ሴት ብስክሌት ላይ ስትወጣ ሰው ሥራ ፈትቶ ይስቃል፣ ባልየውም አፈሩ። "ሰቀልኩት። በዘይት እየወለወልኩ አኖርኩት። እና ደጄ ላይ እየተቀመጥኩ ያንን ዳገት አያለሁ፣ ሊማሊሞን። በልቤ ስንቴ ወጥቼዋለሁ! አተር እየለቀምኩ እወጣዋለሁ፣ ልጅ እያጠባሁ እወጣዋለሁ። የት ጋ እንደሚከብድ ሁሉ አውቃለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳልነካው።"

ገመድ ይዞ የልጁን እግር የሚለካውን ያንን አባት ነው የማስበው።

አወረዱት። አረንጓዴ ቀለም፣ እዚህም እዚያም የተላጠ። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ብረቱ ግን ትላንት የተሠራ ይመስላል። ትርንጎ መፍቻ አንሥታ የትንሹን ብስክሌት ጎማ ነቀለች፣ እዚህ ገጠመች፣ ካቴናውን አጠበቀች፣ አሮጊቷም ጎንበስ ብለው መሪውን ይዘውላታል። ከዚያ ወጣችበት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ተዘረጋ፣ እጇ መሪው ላይ ዐረፈ፣ ጀርባዋ እንዲህ ለስለስ አለ። ያልተጨማደደ፣ ያልተወጠረ። ደጁን አንድ ዙር ዞረች። ደግሞ ዞረች። እኔ "እንዴት ነው?" ልል ስል አደይ ለተብርሃን ክንዴን ያዙኝ። "አትጠይቃት፣ ተዋት።"

ማታ እዚያው አደርን፣ እና ጠዋት ሲሆን አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። "አልሸጥም ብያለሁ፣ አልሸጥም። ትውሰደው። ግን ሊማሊሞን ስትወጣበት እኔ ማየት አለብኝ" አሉ። ሰይድ ጋቢና አስገባቸው። ጉልበታቸው ከፊታቸው ካለው ከመኪናው ብረት ጋር ተጋጨ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋንላቸው።

እና ትርንጎ ተነሣች። እኛ ከኋላ ቀስ ብለን። ሜዳው አለቀ፣ ዳገቱ ጀመረ። መንገዱ አሁን አስፋልት ሆኗል፣ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው፣ ማንም አላሳጠረውም። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሣር መንጨታቸውን ትተው ያይዋታል። እሷ አንዱን ጥምዝ ታጠፋለች፣ ከዚያ ከራሳችን በላይ ትታያለች፣ ደግሞ ትጠፋለች፣ ደግሞ ከዚያ በላይ ትታያለች። ታዲያ እኔ ዞር ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? የአደይ ለተብርሃን እግር! ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በባዶ ወለል ላይ፣ አንዱን ሲጫኑ አንዱን ሲያነሡ፣ አንዱን ሲጫኑ አንዱን ሲያነሡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "አሁን አትቸኩይ... ይችን እለፊ... እዚህ ጋ ነፋስ አለ..." እና እውነትም ጥምዙን ስናልፍ ነፋስ አለ! በሰላሙ አምላክ እምላለሁ፣ ነፋስ አለ!

ከዚያ ጉሙ ወረደ። መንገዱ ጠፋ፣ ገደሉ ጠፋ፣ ልጄም ጠፋች። ሰይድ መብራት አበራ፣ ነጭ ግድግዳ ብቻ። እኔ በዚህ መንገድ ስንት መኪና ገደል ሲገባ ያየሁ ሰው ነኝ። "አቁም ሰይድ! አቁም!" ወርጄ ተጣራሁ፣ "ትርንጎ! ትርንጎዬ!" መልስ የለም። ተራራው የራሴን ድምፅ ይመልስልኛል። እየሮጥኩ ጥምዙን ስዞር፣ ብስክሌቷን ይዛ ከመንገዱ ዳር ቆማለች፣ ጎንበስ ብላ እጇ ጉልበቷ ላይ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀ አልኩ፣ ያው ጉልበት።

"አመመሽ?"

ቀና አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ትስቃለች። "አባባ፣ ይኸን ሁሉ መንገድ መጥቼ ጉልበት እንዳለኝ ረሳሁት። አሁን ትዝ ሲለኝ ጊዜ ነው ወርጄ የነካሁት፣ አለ ወይ ብዬ።"

ከዚያ ወዲያ ስለቀረው መንገድ ብዙ አላስታውስም። ጉሙ ሲገለጥ ሰማዩ ከታች ነበር፣ ልጄ ከላይ። ደባርቅ ስንገባ ሰዉ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ እሷ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀናለች፣ ከትከሻዋ እንፋሎት እየወጣ። አደይ ለተብርሃን ጋቢናውን ከፍተው ወረዱ፣ ብርዱ አንቀጠቀጣቸው፣ ጋቢዬን ደረብኩላቸው። ብረቱን በመዳፋቸው ያዙት። ወደ መጣንበት ገደል አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩ። "ደረስኩ" አሉ። ደረስሽ አላሉም፣ ደረስኩ ነው ያሉት።

"ውድድሩስ፣ ጋሽ ወንድምአገኝ? አሸነፈች?"

አይ! አንደኛማ አልወጣችም። በዚህ በውድድሩ ነገር ከልጅነታቸው ያደጉ ልጆች አሉ። ግን ከፊተኞቹ ጋር ተደባልቃ ገባች፣ አሠልጣኙም "ፍሬሙን ከየት አመጣችሁት?" እያለ ብረቱን ሲዳብስ ዋለ። አሁን ቡድኑ ውስጥ ናት፤ ሰኞ እስከ ዓርብ ታስተምራለች፣ ቅዳሜና እሑድ ትነዳለች። አደይ ለተብርሃንም ሰይድ ባለፈ ቁጥር፣ "ልጄ ሰሞኑን የት ወጣች?" እያሉ ይጠይቁታል። ልጄ ነው የሚሏት። እኔም አልከፋኝ።

"እርስዎስ አልሞከሩትም?"

እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ምን በወጣኝ...

"ንገራቸው እንጂ!" ይኸው፣ አስናቀች ከጓዳ። "ትርንጎ ቤተ ክርስቲያን ሳለች በርጩማ ላይ ቆሞ አልወጣበትም መሰላችሁ? እግሩ ከፔዳሉ ሳይደርስ፣ ቁልቁለቱ ይዞት ሄደ! 'አስናቁ ያዢኝ! አስናቁ ያዢኝ!' እያለ እስከ ጎረቤት ድንች ማሳ!"

ያዝሽኝ ታዲያ?

"ሳቄ መች አስችሎኝ!"

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እናንተም። አንተ ግን ይህችን አትጻፋት።